ወተቱም ረጋ፣ ቅቤውም ረጋ፦ አካላዊና ኬሚካላዊ ለውጥን እንዴት እናስተምር?

የማስተምረው ኮዬ ፈጬ አካባቢ ነው። ባንድ በኩል ኮንዶሚኒየም፣ በሌላው በኩል ያላለቀ ቤትና የጤፍ ማሳ። አንድ ቀን የሁለቱን ለውጦች ትርጉም ሰሌዳ ላይ ጽፌ አስገለበጥኩና «ወተት ሲረጋ ምን ዓይነት ለውጥ ነው?» አልኩ። «አካላዊ» አለች አንዷ። ለምን? «ቲቸር፣ ቅቤም ይረጋል። እሱ አካላዊ ነው ብለውን የለ?»

እውነቷን ነው፣ ብያለሁ። ያሳሳታት ግሱ ነው። የቀለጠ ቅቤ ሲረጋ ያው ቅቤ ነው። ወተት ሲረጋ ግን ባክቴሪያዎች የወተቱን ስኳር ወደ አሲድ ይቀይሩታል፤ አሲዱ ደግሞ ፕሮቲኑን ያጓጉለዋል። እርጎን መልሶ ወተት የሚያደርግ የለም። ከዚያ ቀን ወዲህ ትምህርቱን የምጀምረው ከትርጉም ሳይሆን ከቃላት ነው።

መጀመሪያ ቃላቱን አጥሩ

ተማሪዎች ስኳር ሻይ ውስጥ ሲገባ «ቀለጠ» ይላሉ። አልቀለጠም፣ ሟሟ። ለመቅለጥ ሙቀት ይበቃል፤ ለመሟሟት ሌላ ፈሳሽ ያስፈልጋል። «ረጋ» እና «ደረቀ»ንም ሰሌዳው ላይ ጻፉ። ከዚያ ለሁሉም የሚሆን አንድ ጥያቄ ስጧቸው፦ አሁን ያለው ቁስ የበፊቱ ነው ወይስ ሌላ ነገር ተፈጠረ? የበፊቱ ከሆነ አካላዊ፣ አዲስ ነገር ከሆነ ኬሚካላዊ።

ሁለተኛ፣ አንድ ስኳር በሁለት መንገድ

ስኳሩን ውሃ ውስጥ አሟሙ። ልጆቹ ይቅመሱት፤ ጣዕሙ እዚያው አለ። ከዚያ ሌላ ትንሽ ስኳር አሮጌ ማንኪያ ላይ አድርጋችሁ በሻማ አሙቁ። ይቀልጣል፣ ቡናማ ይሆናል፣ ይጨሳል፣ በመጨረሻ ከሰል ይሆናል። ማንኪያውን በጨርቅ ያዙት፤ የቀለጠ ስኳር ክፉኛ ያቃጥላል።

ሻማውን ወዲያው አታስቀምጡት። እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ማይክል ፋራዳይ እ.ኤ.አ. በ1860 ለንደን ውስጥ ለወጣቶች ስለ አንድ ሻማ ብቻ ተከታታይ ትምህርት ሰጥቷል። እኛ አምስት ደቂቃ ይበቃናል። ሰሙ ሲቀልጥ አካላዊ ነው፤ ሲነድ ኬሚካላዊ። ሻማውን እፍ ብላችሁ አጥፉና የበራ ክብሪት ወደ ነጩ ጭስ አስጠጉ፤ ክሩን ሳትነኩት እሳቱ በጭሱ ላይ ዘሎ ይያያዛል። የሚነደው የሰሙ ትነት እንደሆነ ልጆቹ በዓይናቸው ያያሉ። «ድገሙት» ማለታቸው አይቀርም፣ ክብሪት በብዛት ያዙ።

ሦስተኛ፣ ሎሚና ቤኪንግ ሶዳ

ግማሽ ሊትር ሃይላንድ ውስጥ የአንድ ሎሚ ጭማቂ ጨምሩ። አንድ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በፊኛ ውስጥ አድርጉና ፊኛውን በጠርሙሱ አፍ ላይ አልብሱ፤ ከዚያ ሶዳው ወደ ጠርሙሱ እንዲወርድ ፊኛውን ቀና አድርጉት። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ፊኛውን ይነፋዋል። በክዳን ግን እንዳትዘጉት! እኔ አንዴ ዘግቼ ክዳኑ ጣሪያ ነክቶ ተመልሷል።

ሱቅ ስትጠይቁ ቤኪንግ ፓውደር እንዳይሰጧችሁ እዩ። እሱ አሲዱ አብሮት ስላለ በውሃ ብቻም ይፈላል፤ ያኔ ሎሚው ምን እንደሠራ ማስረዳት ሊከብዳችሁ ነው።

አራተኛ፣ ሲሚንቶው

እኛ ሰፈር ላይ የተሻለ ማስተማሪያ አላገኘሁም። የግንባታ ሠራተኞች ኮንክሪት ከሞሉ በኋላ ጠዋትና ማታ ውሃ ያጠጡታል። ልጆቹ በየቀኑ ያዩታል፣ ግን «እንዲደርቅ ከተፈለገ ለምን ይረጫል?» ብሎ የጠየቀኝ የለም። እናንተ ጠይቋቸው።

ከዚያ አሳዩ። አንድ ኩባያ ውስጥ ሲሚንቶ በውሃ አቡኩ፤ በባዶ እጅ ሳይሆን በእንጨት፣ ምክንያቱም እርጥብ ሲሚንቶ ቆዳ ይልጣል። ላዩ ላይ ቀስ ብላችሁ ውሃ ጨምሩና እንደተሸፈነ አሳድሩት። በማግስቱ ውሃው ሥር ሆኖ ጠንክሯል። ደርቆ ቢሆን ኖሮ ውሃ ውስጥ እንዴት ይጠነክራል? ሲሚንቶው ከውሃው ጋር ተዋህዶ አዲስ ቁስ ሠርቷል። አጠገቡ የደረቀ የጭቃ ጓል ውሃ ውስጥ ጣሉ። ተመልሶ ጭቃ ይሆናል። የጭቃው ውሃ ተንኖ ሄዶ ነበር፤ የሲሚንቶው ውሃ ግን የድንጋዩ አካል ሆኗል።

ወጥመዶቹ

«ወደ ነበረበት ከተመለሰ አካላዊ፣ ካልተመለሰ ኬሚካላዊ» የሚለውን ሕግ እኔ ትቼዋለሁ። የተቀደደ ወረቀት አይመለስም፤ ግን ያው ወረቀት ነው። የስልክ ባትሪ ቻርጅ ሲደረግና ሲያልቅ ደግሞ ኬሚካላዊ ለውጥ ነው፤ ግን በየቀኑ ይመላለሳል።

አረፋ ብቻውንም ምልክት አይሆንም። የሚፈላ ውሃ አረፋ እንፋሎት እንጂ አዲስ ነገር አይደለም። (እግረ መንገዳችሁን፣ አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ መሆኑን ንገሯቸው። መጽሐፉ ተሳሳተ ብለው ይደሰታሉ።)

የቤት ሥራ

ቤት ውስጥ ቡና ሲፈላ ቁጭ ብለው እያንዳንዱን እርምጃ እንዲጽፉ አድርጉ። ማጠብ፣ መቁላት፣ መውቀጥ፣ ከሰሉ አመድ ሲሆን። መቁላቱን ሁሉም ያገኘዋል፤ ቀለሙም ሽታውም ይናገራል። መውቀጡም ቀላል ነው። የኔ ክፍል ለሁለት የተከፈለው በፈንዲሻው ነው። ግማሹ «በቆሎው ውስጥ ያለው ውሃ እንፋሎት ሆኖ ፈነዳ፣ አካላዊ ነው» አለ። ሌላው «ታዲያ ያ የሚያውደው ሽታ ከየት መጣ?» አለ። ሁለቱም ልክ ናቸው። ደወሉ ሲደወል ገና እየተከራከሩ ነበር።