ታስሮ የተያዘ አዮን ስትለኩ ከእነዚህ ስህተቶች ተጠንቀቁ

በ2009 ኢንስብሩክ ያሉ ተመራማሪዎች አንድ የካልሲየም አዮን በወጥመድ ይዘው የ729 ናኖሜትሩን ሽግግር (አዮኑ ብርሃን ውጦ ከአንድ የኃይል ደረጃ ወደ ሌላ የሚዘልበትን) በፍሪኩዌንሲ ኮምብ ለኩ። ኮምብ ማለት እንደ ማበጠሪያ ጥርስ እኩል የተራራቁ ብዙ ፍሪኩዌንሲዎች ያሉት የሌዘር ብርሃን ነው። ያገኙት 411,042,129,776,393.2 ሄርዝ ነው። ሊሳሳት የሚችለው በ1 ሄርዝ ገደማ ብቻ ነው። አዲስ ተማሪ ይህን ሲያይ ልቡ ይሞላል፣ ደስም ይለኛል። ችግሩ የሚመጣው ኮምብ ካለ ትክክለኛው ቁጥር በራሱ የሚመጣ ሲመስለው ነው።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ምልክትን፣ ማለትም ፕላስ ወይም ማይነስ መሆኑን፣ መገመት ነው። የኮምቡን ጥርስ ፍሪኩዌንሲ ለማወቅ የጥርሱን ተራ ቁጥር በሬፕ ሬቱ (በሁለት ጥርሶች መካከል ባለው ርቀት) ታበዛላችሁ፣ ኦፍሴቱን (ጥርሶቹ ሁሉ ከዜሮ የተዛነፉበትን መጠን) ትጨምራላችሁ። ከዚያ ሌዘራችሁ ከቅርቡ ጥርስ ጋር የሚፈጥረውን ቢት (የሁለቱን የፍሪኩዌንሲ ልዩነት) ትቆጥራላችሁ። ቆጣሪው የሚነግራችሁ ግን መጠኑን ብቻ ነው። ሌዘሩ ከጥርሱ በላይ ይሁን በታች አያውቅም። ኦፍሴቱ ይደመር ይቀነስ እሱንም አያውቅም። ሁለት ያልታወቀ ምልክት ካለ አራት መልስ አለ ማለት ነው። ሰዉ ግን «ባለፈው ሳምንት ፕላስ ነበር» ብሎ ያልፋል! ሌዘሩ በመሃል ሎኩን (ፍሪኩዌንሲውን አንድ ቦታ የሚይዘውን መቆጣጠሪያ) ለቆ ሌላ ጥርስ አጠገብ ቢቀመጥስ? ምልክቱ ተገለበጠ ማለት እኮ ነው። ማረጋገጫው ደግሞ ቀላል ነው። ሬፕ ሬቱን በጣም ትንሽ ከፍ አድርጉት፤ ጥርሱ ወደ ላይ ይሄዳል። ቢቱ ከጠበበ ሌዘሩ ከጥርሱ በላይ ነው፣ ከሰፋ በታች ነው። ለኦፍሴቱም እንዲሁ፦ መጠኑን ጨምሩና ጥርሱ ወዴት እንደሄደ እዩ። በየቀኑ ልኬት ከመጀመራችሁ በፊት አድርጉት፣ ደብተር ላይም ጻፉት። በ250 ሜጋሄርዝ ኮምብ የካልሲየሙ ጥርስ ተራ ቁጥር 1.64 ሚሊዮን አካባቢ ነው። በአንድ ከተሳሳታችሁ መልሱ በ250 ሜጋሄርዝ ይዛነፋል። ስለዚህ የሞገድ ርዝመት መለኪያችሁ ከዚያ ግማሽ በደንብ ባነሰ ስህተት የሚለካ መሆን አለበት።

የዚሁ ስህተት ወንድም ኤኦኤም ላይ ነው ያለው፤ ይህ በድምፅ ሞገድ የብርሃንን ፍሪኩዌንሲ የሚቀይር ሞዱሌተር ነው። ኮምቡ ጋ የሚደርሰው ብርሃንና አዮኑ ጋ የሚደርሰው ብርሃን አንድ አይደሉም። በመሃል ፍሪኩዌንሲውን ከፍ ወይም ዝቅ የሚያደርጉ እንዲህ ያሉ ሞዱሌተሮች አሉ። አንድ ጎበዝ ተማሪ 80 ሜጋሄርዝ ጠፍቶበት ጥፋቱን ወጥመዱ ውስጥ ሲፈልግ ሰንብቷል። ብርሃኑ በኤኦኤሙ ሁለቴ ያልፍ ነበር፣ እሱ የደመረው አንዴ ነው። ልጁ ሰነፍ አልነበረም፣ የብርሃኑን መንገድ የሚያሳይ ሥዕል ብቻ አልነበረውም። የእናንተን ከነፕላስና ማይነሱ ሳሉና ግድግዳ ላይ ለጥፉት።

ሰፊ መስመር (በሰፊ የፍሪኩዌንሲ ክልል የተዘረጋ ሽግግር) ለምትለኩ ደግሞ የግማሽ መስመር ስህተት አለ። የማግኒዥየም አዮንን የ280 ናኖሜትር ሽግግር ውሰዱ፤ ስፋቱ 42 ሜጋሄርዝ ገደማ ነው። ከመሃሉ በታች ስትሆኑ ሌዘሩ አዮኑን ያቀዘቅዘዋል። መሃሉን ስታልፉ ያሞቀዋል፣ ብርሃኑም ድንገት ይወድቃል። የሚቀራችሁ ግራው ክንፍ፣ ከመሃሉ በታች ያለው ጎን፣ ብቻ ነው። ጀማሪ እዚህ ላይ ሎሬንዝያን (መሃሉ ከፍ ያለ፣ ሁለት ጎኑ እኩል የሆነ ቅርጽ) ይገጥምና መሃሉን አገኘሁ ይላል። እባካችሁ ተዉ። ራሱ የመለኪያው ሌዘር የአዮኑን ሙቀት እየቀያየረ ስለሆነ ያ ክንፍ ቅርጹ የተበላሸ ነው። በ2009 የጋርሺንግ ተመራማሪዎች ያሳተሙት መንገድ ይሻላል፦ ሌሎች አዮኖች ያለማቋረጥ እየቀዘቀዙ የሚለካውንም ያቀዘቅዙታል፣ የመለኪያው ሌዘር ደግሞ በጣም ደካማ ይሆናል። ያኔ ሁለቱም ክንፎች ይታያሉ።

መግነጢሳዊ መስክን አትናቁ። በካልሲየሙ 729 ላይ መግነጢሳዊ ቁጥሩ ከፕላስ ግማሽ ወደ ፕላስ ግማሽ የሚሄደው መስመር በእያንዳንዱ ናኖቴስላ 5.6 ሄርዝ ያህል ይንቀሳቀሳል። ሊፍት ወይም ባቡር ሲያልፍ ይበቃዋል። ተቃራኒውን (ከማይነስ ግማሽ ወደ ማይነስ ግማሽ የሚሄደውን) መስመር አብራችሁ ለኩና አማካዩን ውሰዱ። ልኬቱን ከ50 ሄርዙ የመብራት ዑደት ጋር እኩል አስጀምሩ። የኳድሩፖል ፈቀቅታውን (ወጥ ያልሆነ የኤሌክትሪክ መስክ መስመሩን የሚያንቀሳቅስበትን) ለማጥፋት አንድ እንዲህ ያለ የፕላስና ማይነስ ጥንድ አይበቃም፣ የላይኛውን ደረጃ ሦስቱንም ጥንዶች (±1/2፣ ±3/2፣ ±5/2) ለኩ።

የ397 ናኖሜትሩን የካልሲየም ማቀዝቀዣ ሌዘር በኤኦኤም ብቻ አጠፋሁ አትበሉ፤ ሾልኮ የሚያልፍ ብርሃን መስመሩን ያዛንፋልና ሜካኒካል መዝጊያ ጨምሩ። አዮን በጫናችሁ ቁጥር ማይክሮሞሽኑን (የወጥመዱ መስክ በአዮኑ ላይ የሚፈጥረውን ፈጣን መወዛወዝ) እንደገና አስተካክሉ፣ እንዲቀንስ።

የ10 ሜጋሄርዝ ማጣቀሻው (ልኬቱ ሁሉ የሚመዘንበት የሰዓት ምልክት) ቆጣሪው ላይ መሰካቱን እዩ። ማጣቀሻው ከትሪሊዮን በአንድ ቢሳሳት እንኳ የካልሲየሙ ውጤት በ411 ሄርዝ ይሳሳታል።

በመጨረሻ፣ የታተመውን ቁጥር እያያችሁ አትለኩ። ሰው ውጤቱ ከታተመው ሲለይ ስህተት ይፈልጋል፣ ሲገጥም ግን መፈለግ ያቆማል። ጓደኛችሁ እናንተ የማታውቁትን ቁጥር ዳታው ላይ ይደምርበት። የስህተት ሰንጠረዡ ተሞልቶ ሳያልቅ አይንገራችሁ።