«ሰነፍ ነው» ከማለታችን በፊት፦ ስለ ትምህርት ሥነ ልቦና ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ለማስተማር ልምምድ የወጣሁ ሰሞን ነው። አንደኛ ክፍል ገብቼ ከኋላ ተቀምጫለሁ። አንድ ልጅ የፊደል ገበታው ፊት ቆሟል። መምህርቷ በእንጨት «ቆ»ን ነካ አድርጋ «ይቺ ማን ናት?» አለችው። ዝም አለ። ከንፈሩ ግን ይንቀሳቀሳል። ጣቶቹም ከሱሪው ጎን አንድ በአንድ ይታጠፋሉ። «ቀ፣ ቁ፣ ቂ፣ ቃ፣ ቄ፣ ቅ...» ከዚያ ጮክ ብሎ «ቆ!» አለ። ክፍሉ አጨበጨበለት።

እኔም ደብተሬ ላይ «ፊደል ለይቷል» ብዬ ጻፍኩ። ስንወጣ መምህርቷ ደብተሬን አየችና «ፊደሏን ነው ያወቃት ወይስ ዜማውን?» አለችኝ።

ኮሌጅ እያለሁ የትምህርት ሥነ ልቦና ኮርስ ወስጄ ጥሩ ውጤት አምጥቻለሁ። ትርጉሙን በቃሌ እወጣው ነበር። ትምህርቱ ስለ ምን እንደሆነ የገባኝ ግን ያን ቀን ነው። የልጁ መልስ ልክ ነው። ወደ መልሱ የሄደበት መንገድ ግን ማንበብ አይደለም። ነገ «ቆሎ» የሚል ቃል ቢሰጠው፣ ሁለቱም ፊደላት ሰባተኛ ስለሆኑ 14 ድምፅ መቁጠር ሊኖርበት ነው። ቃሉ ላይ ሲደርስ የጀመረበትን ይረሳዋል።

የትምህርት ሥነ ልቦና የሚያጠናው ይህን መንገድ ነው። ሰው ሲማር በአእምሮው፣ በስሜቱና በባህሪው ምን ይካሄዳል? የእኛ ማስተማርስ መንገዱን ያቀናዋል ወይስ ይዘጋዋል? የቄስ ትምህርት ቤት የኔታዎችም የዚህን ልጅ ችግር ያውቁት ነበር። ሀሁን በተራው የቆጠረውን ልጅ ወደ አቡጊዳ ያሻግሩታል። አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ። ተራው ሲፈርስ የለመደው ዜማ አያድነውም። ፊደሏን በመልኳ ማወቅ ግድ ይሆንበታል።

ከዚያ ወዲህ በመምህራን፣ በወላጆችና በራሴም ላይ ደጋግሜ ያየኋቸውን ስህተቶች አንድ በአንድ ላንሳ።

የትምህርት ሥነ ልቦና ችግር ላለባቸው ልጆች ብቻ የሚሰጥ ሕክምና ነው ብሎ ማሰብ

ሳይኮሎጂ ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ የሚመጣለት ሕመም ነው። ወላጅ «ስለ ልጅዎ ከሳይኮሎጂስት ጋር ቢነጋገሩ» ሲባል «ልጄ ምን ሆነብኝ?» ብሎ ይደነግጣል። የምክር አገልግሎትና የልዩ ፍላጎት ትምህርት ከዚህ ሙያ ጋር ይዛመዳሉ፣ እውነት ነው። ዋናው ጉዳዩ ግን ተራው፣ የየዕለቱ መማር ነው። ክፍልፋይ ለምን ይከብዳል? ትናንት የገባው ዛሬ የት ሄደ? ጥያቄ ሲጠየቅ እጁን የማያወጣው ልጅ ስላላወቀ ነው ወይስ ስለፈራ? እነዚህ የሁሉም ልጅ ጥያቄዎች ናቸው። የጎበዙም ጭምር።

የትምህርት ሥነ ልቦናን እንደ ምግብ አሠራር ክፍል ውስጥ በቀጥታ የሚተገበር መመሪያ አድርጎ መውሰድ

አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ዊሊያም ጄምስ ለመምህራን የሰጣቸውን ንግግሮች እ.ኤ.አ. በ1899 አሳትሟል። እዚያ ላይ ያስጠነቀቀው ነገር ዛሬም ይሠራል። ሥነ ልቦና ሳይንስ ነው፣ ማስተማር ግን ጥበብ ነው፤ ሳይንስም በቀጥታ ጥበብን አይወልድም ይላል። በመካከል የመምህሩ ማስተዋል ያስፈልጋል። ስለዚህ ሥልጠና ወስዶ ሲመለስ «ይኸው አምስቱ ዘዴዎች» የሚል መምህር ካያችሁ፣ ዘዴው ለየትኛው ልጅ፣ ለየትኛው ትምህርት እንደሆነ ጠይቁት።

በሌላ በኩል፣ ዘርፉ የራሱ ጥያቄና የራሱ ምርምር የለውም ማለትም ስህተት ነው። ሌላው አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ኤድዋርድ ቶርንዳይክ «የትምህርት ሥነ ልቦና» የተባለውን መጽሐፉን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1903 ነው። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ከባልደረባው ከዉድዎርዝ ጋር የሠራው ጥናት በጊዜው የነበረ ትልቅ እምነት አናግቷል። ያኔ ላቲን የተማረ ሰው አእምሮው ስለሚሳል ሌላውም ትምህርት ይቀለዋል ይባል ነበር። እነሱ ያገኙት፣ አንድ ልምምድ ወደ ሌላ የሚሻገረው ሁለቱ የሚጋሩት ነገር እስካለ ድረስ መሆኑን ነው። እኛም «ሂሳብ ጭንቅላት ይከፍታል» እንላለን። ሂሳብ የሚከፍተው በዋናነት ሂሳብን ነው።

የሊቃውንቱን ስም ሸምድዶ ማለፍ

ይህ የእኔ የራሴ ስህተት ነበር። ፒያዤ አራት ደረጃ፣ ቪጎትስኪ ማኅበራዊ፣ ስኪነር ማጠናከሪያ። ፈተና ላይ ማዛመድ ይመጣል፣ ታዛምዳለህ፣ በቃ።

ፒያዤ የልጅ አስተሳሰብ በአራት ደረጃ ያድጋል ያለ የስዊዘርላንድ ተመራማሪ ነው። ወደ ሥራው የሳበው ነገር ግን ከደረጃዎቹ ይልቅ ያስደንቀኛል። በወጣትነቱ ፓሪስ ውስጥ የልጆች ፈተና ላይ ይሠራ ነበር። ትኩረቱን የወሰዱት የተሳሳቱት መልሶች ናቸው። ተመሳሳይ ዕድሜ ያላቸው ልጆች በተመሳሳይ መንገድ ሲሳሳቱ አየ። ስህተቱ የራሱ ሥርዓት አለው ማለት ነው። ቤታችሁ የአራት ወይም የአምስት ዓመት ልጅ ካለ ሞክሩት። በሁለት እኩል ብርጭቆ እኩል ውሃ ቅዱ። እኩል መሆናቸውን ራሱ ይመስክር። ከዚያ ዓይኑ እያየ አንዱን ወደ ረጅምና ቀጭን ብርጭቆ ገልብጡ። አብዛኛውን ጊዜ «ይሄ ይበልጣል» ይላል። አትሳቁበት። «እንዴት አወቅህ?» በሉት። የሚሰጣችሁ ምክንያት ከመልሱ ይበልጥ ያስተምራል።

ለደረጃዎቹ የተሰጡትን ዕድሜዎች ደግሞ እንደ አጥር አትውሰዷቸው። «ሰባት ዓመት ስላልሞላው አይገባውም» ብሎ ልጅን ማገድ የፒያዤን ሥራ አለመረዳት ነው። በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ጥያቄው በልጁ ቋንቋና በሚያውቀው ነገር ሲቀርብ ቀደም ብሎ እንደሚችል አሳይተዋል።

«ጎበዝ» እና «ሰነፍ» የሚሉትን ቃላት እንደ ምርመራ ውጤት መጠቀም

እዚህ ላይ ረዘም ላድርገው፤ ብዙ ልጅ የሚጎዳው እዚህ ነው።

በአማርኛችን «ሰነፍ» ሁለት ነገር ይሸከማል። መሥራት የማይወድ ሰው ሰነፍ ነው። ትምህርት የከበደው ልጅም ሰነፍ ነው። ስለዚህ ዝቅተኛ ውጤት ያመጣ ልጅ ወዲያው በጠባዩ ይከሰሳል። ሌሊቱን ሙሉ ያጠና ቢሆንም ሰነፍ ነው። ሰሌዳው ላይ ያለው አይታየው ይሆናል። የመምህሩ ቋንቋ የቤቱ ቋንቋ ላይሆን ይችላል። ቁርስ ሳይበላ መጥቶ ይሆናል። ቃሉ ይህን ሁሉ ይሸፍነዋል። «ሰነፍ ነው» ካልን በኋላ የምንጠይቀው ጥያቄ አይኖርም።

በዓለምም የሆነው ይህንን ይመስላል። አልፍሬድ ቢኔ ከቴዎዶር ሲሞን ጋር እ.ኤ.አ. በ1905 የመጀመሪያውን የማሰብ ችሎታ መለኪያ ሲያዘጋጅ ዓላማው ግልጽ ነበር። በፓሪስ ትምህርት ቤቶች ተጨማሪ እርዳታ የሚያስፈልጋቸውን ልጆች መለየት። የሰው ችሎታ ከተወለደ ጀምሮ የተወሰነ ነው፣ ሊጨምር አይችልም የሚሉትን እሱ ራሱ አጥብቆ ተቃውሟቸዋል። መለኪያው ወደ አሜሪካ ከተሻገረ በኋላ ግን ሰውን ለመመደብና ለማግለል ዋለ። ለእርዳታ የተሠራው ነገር መፍረጃ ሆነ።

«ጎበዝ»ም ቢሆን አደጋ አለው። ካሮል ድዌክና ክላውዲያ ሙለር እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተሙት ጥናት፣ አምስተኛ ክፍል ልጆች ጥያቄ ሠርተው ሲጨርሱ ከፊሎቹ ስለ ብልህነታቸው፣ ከፊሎቹ ስለ ጥረታቸው ተመሰገኑ። ቀጥሎ ከባድ ጥያቄ ተሰጣቸው። ከከባዱ በኋላ በብልህነታቸው የተመሰገኑት ቶሎ ተስፋ ቆረጡ፣ ውጤታቸውም ወረደ። ጎበዝ የተባለ ልጅ ሲሳሳት የሚያጣው ስሙን ነው። ችሎታ በጥረት ያድጋል በሚለው ሐሳብ ላይ የተመሠረቱ የትምህርት ቤት ፕሮግራሞች ያመጡት ለውጥ በአብዛኛው አነስተኛ መሆኑም መታወቅ አለበት። ተአምር አትጠብቁ። እኔ ግን «ጎበዝ!» ልል ስል ቆም እላለሁ። «በሁለተኛው መስመር ላይ መልሰህ ማየትህ ጥሩ ነው» እላለሁ። ልጁ ነገም የሚደግመው ነገር ያገኛል።

ቅጣትንና አሉታዊ ማጠናከሪያን ማምታታት

ይህን ፈተና ላይ ያልተሳሳተ ተማሪ ጥቂት ነው። ማጠናከሪያ ማለት አንድ ባህሪ እንዲደጋገም የሚያደርግ ነገር ነው። የባህሪ ተመራማሪው ስኪነር «አሉታዊ» ያለው «መጥፎ» ለማለት አይደለም፤ የሚቀነስ ነገር አለ ለማለት ነው። «ዛሬ በጸጥታ ስለሠራችሁ የቤት ሥራው ቀርቷል» ሲባል የማይወዱት ነገር ተነሳ፣ ጸጥታው ተጠናከረ። ቅጣት ግን ባህሪን ለመቀነስ ነው።

ልዩነቱ ክፍል ውስጥ ትልቅ ነው። ሂሳብ የጠላ ልጅ ይረብሻል። መምህሩ «ውጣ!» ይለዋል። ልጁ ከሂሳብ ተገላገለ። መምህሩ የቀጣው መስሎታል፤ በእርግጥ ግን መረበሹን አጠናክሮለታል። ይባስ ብሎ ልጁ ሲወጣ ክፍሉ ጸጥ ስለሚል፣ መምህሩም ማስወጣትን እየለመደ ይሄዳል። ሁለቱ እርስ በርስ እየተማማሩ ናቸው፤ የሚማሩት ግን ማንም ያላቀደውን ነው።

«ዝም ካላላችሁ ሂሳብ አሠራችኋለሁ» የሚለውንም ባንሰማ እመኛለሁ። ሂሳብን ከአለንጋ ጋር አንድ ቦታ ያስቀምጠዋል።

ደጋግሞ ማንበብን ከማወቅ ጋር እኩል ማድረግ

ኤቢንግሃውስ የተባለ ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1885 በራሱ ላይ ያደረገውን ሙከራ አሳተመ። ትርጉም የሌላቸው ቃላት እየሸመደደ ስንቱን እንደሚረሳ ለካ። 1 ሰዓት ሳይሞላ ከግማሽ በላይ ይጠፋ ነበር። መርሳት የስንፍና ምልክት ሳይሆን አእምሮ የሚሠራበት መንገድ ነው።

መድኃኒቱ ምንድን ነው? ብዙዎቻችን ደብተሩን መልሰን እናነባለን። ሮዲገርና ካርፒኪ እ.ኤ.አ. በ2006 ሁለት ዓይነት አጠናን አወዳደሩ። አንዱ ቡድን ጽሑፉን አራት ጊዜ አነበበ። ሌላው አንድ ጊዜ አንብቦ፣ ሦስት ጊዜ ወረቀቱን ዘግቶ የሚያስታውሰውን ጻፈ። ከ5 ደቂቃ በኋላ አራት ጊዜ ያነበቡት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን እነሱ ያስታወሱት 40 በመቶ ገደማ ሲሆን፣ ከአእምሯቸው እያወጡ የጻፉት 61 በመቶ ገደማ አስታወሱ። ማታ አጥንቶ ጠዋት የሚፈተን ተማሪ ለምን በመንገዱ እንደሚተማመን እዚህ ይታያል። ጠዋት ይሠራለታል። በወሩ ባዶ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልከላከል። ሽምደዳን ሁሉ ጠላት ማድረግም ስህተት ነው። የማባዛት ሠንጠረዥ በቃሉ የሌለው ልጅ ረጅም ማካፈል ሲሠራ ሐሳቡ 7 ሲባዛ በ8 ላይ ያልቃል። ለዋናው ጥያቄ የሚተርፈው የለም። ጥያቄው በቃል የያዘው ነገር ሲፈለግ ይወጣል ወይ፣ ተራው ሲፈርስስ ይቆማል ወይ ነው።

«የእኔ ልጅ በዓይኑ ነው የሚማረው»

ልጆችን በማየት፣ በመስማትና በመንካት የሚማሩ ብሎ መከፋፈል በየሥልጠናው ይሰማል። ፓሽለርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2008 ማስረጃዎቹን ሲመረምሩ፣ ልጁን በ«ስልቱ» ማስተማር ውጤት እንደሚያሻሽል የሚያሳይ በቂ ነገር አላገኙም። የሚወስነው ይበልጡን ትምህርቱ ነው። ካርታ ይታያል። ዜማ ይሰማል።

ቋንቋውንና ክፍሉን ረስቶ ልጁን ብቻ መመርመር

የሶቪየቱ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ቪጎትስኪ በሳንባ ነቀርሳ የሞተው እ.ኤ.አ. በ1934 በ37 ዓመቱ ነው። የተወልን ዋና ሐሳብ፣ ልጁ ብቻውን በሚችለውና ሰው ሲያግዘው በሚችለው መካከል ያለውን ቦታ ተመልከቱ የሚል ነው። ማስተማር ፍሬ የሚያፈራው እዚያ ነው። ቅኔ ቤት ያለፈ ሰው ይህ አይገርመውም። ተማሪው መወድስ የሚባለውን ረጅም ቅኔ ይዞ አይጀምርም። ሁለት ቤት ባላት ጉባኤ ቃና ይጀምራል። የደረሰውን ቅኔ ለመምህሩ ይነግራል፣ ይታረማል፣ በማግስቱ ሌላ ይዞ ይመጣል።

ያ እገዛ በሚገባው ቋንቋ መሆን አለበት። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ ሲወስን አንዱ ምክንያቱ ይኸው ነበር። 60 ልጅ ባለበት ክፍል መምህሩ ለእያንዳንዱ አይደርስም፣ አውቃለሁ። ጓደኛ ግን ለጓደኛው ይደርሳል።

ያቺ መምህርት ያደረገችው ይህንን ነው። የካርቶን ቁራጮች ላይ ፊደላት ጽፋ በተዘበራረቀ ተራ ዴስኩ ላይ በተነቻቸው። አጠገቡ የተቀመጠችውን ልጅ «አንቺ ጥሪ፣ እሱ ያንሳ» አለቻት። መጀመሪያ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፣ ጣቶቹም ታጠፉ። ልጅቷ አልጠበቀችውም፤ «ሎ! ቶሎ በል!» ትለዋለች። ሐሙስ ዕለት ተመልሼ ኋላ ተቀመጥኩ። «ቆ!» አለችው። እጁን ዘርግቶ አነሳት። ከንፈሩን አየሁት፣ አልተንቀሳቀሰም።