ካፒታሊዝምና ኮሚኒዝም በሰው ሕይወት ሲመዘኑ፦ ለተከራካሪዎች

«ሰውን የበለጠ የጎዳው የትኛው ሥርዓት ነው?» የሚል ርዕስ ሲሰጥ ብዙ ተከራካሪ ሬሳ ቆጥሮ ይመጣል። አንዱ ስታሊንንና ማኦን፣ ሌላው የባሪያ ንግድንና ቅኝ ግዛትን ይደምራል። ድምር ግን ዳኛ አያሳምንም፤ በሥርዓቱ ዘመን መሞትና በሥርዓቱ ምክንያት መሞት ለየቅል ናቸውና። ነጥብ የሚያስገኘው ከፖሊሲው እስከ ሟቹ ያለውን መንገድ ማሳየት ነው።

ሰባት ደቂቃ ካላችሁ አንዱን ለትርጉም ስጡ። ኮሚኒዝም ስትሉ በኮሚኒስት ፓርቲ የተመሩ አገሮችን ማለታችሁ እንደሆነ፣ ካፒታሊዝም ስትሉ ደግሞ ከስዊድን ሌላ የቤልጂጉን ንጉሥ የሊዮፖልድን ኮንጎ ታካትቱ እንደሆነ ተናገሩ። ይህ ካልተባለ «ያ እውነተኛ ሶሻሊዝም አልነበረም»፣ «ያ እውነተኛ ነፃ ገበያ አልነበረም» እየተባባላችሁ ሰዓቱ ያልቃል።

አራቱን ደቂቃ በአንድ ጉዳይ ላይ አውሉት። የቻይናን ረሃብ እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ1958 ገበሬው ከነመሬቱ በኮሙን፣ ማለትም በግዙፍ የጋራ እርሻ ማኅበር፣ ተጠቃለለ። ሹማምንት አለቃን ለማስደሰት ያልተመረተ እህል ሪፖርት አደረጉ፤ መንግሥት በዚያው ሐሰት ልክ ኮታውን ሰበሰበ፤ በ1959 እህል ወደ ውጭ መላኩንም ቀጠለ። ጎተራው ባዶ ነው ብሎ የሚጽፍ ነፃ ጋዜጣ አልነበረም። እስከ 1961 ድረስ አለቁ የሚባሉት በአብዛኞቹ ግምቶች ከ15 እስከ 45 ሚሊዮን ናቸው። በየእርከኑ «ይህ ያለ ሥርዓቱ ይሆን ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱ «አዎ» የሆነበትን እርከን ጣሉት። ቁጥሩንም እንዳለ፣ ከታችኛው እስከ ላይኛው ግምት ጥቀሱ። ለኮሚኒዝም ሰለባዎች በጥቅሉ የሚወረወረው «100 ሚሊዮን» የወጣው እ.ኤ.አ. በ1997 ፈረንሳይ ውስጥ ከታተመ፣ ብዙ ጸሐፊዎች በጋራ ካዘጋጁት መጽሐፍ ሲሆን፣ ከጸሐፊዎቹ ሁለቱ ራሳቸው ተቃውመውታል፤ የነቃ ተጋጣሚ ይህን ያውቃል።

የቀረው ሁለት ደቂቃ ለመልስ ነው። ተጋጣሚያችሁ እ.ኤ.አ. የ1943ቱን የሕንድ የቤንጋል ረሃብ ማንሳቱ አይቀርም፦ ከ2 እስከ 3 ሚሊዮን ሰው፣ በጦርነትና በእንግሊዝ ቅኝ አገዛዝ ሥር። የሕንዱ የምጣኔ ሀብት ሊቅ አማርትያ ሴን እንዳስረዳው ዋናው ችግር እህል ጨርሶ መጥፋቱ አልነበረም፤ የሩዝ ዋጋ ከቀን ሠራተኛው አቅም በላይ መውጣቱ ነው። ከዚህ የከበደ ጥያቄም አለ። ሴንና የሙያ ባልደረባው ዣን ድሬዝ ነፃይቱን ሕንድ ከቻይና ሲያነጻጽሩ፣ ሕንድ እንዲያ ያለ ረሃብ ባይደርስባትም በድህነትና በበሽታ በየዓመቱ በጸጥታ የሚሞተው ሕዝቧ እጅግ ብዙ መሆኑን አሳይተዋል። ጸጥተኛውን ሞት ትቆጥራላችሁ ወይስ አትቆጥሩም? ከመድረክ በፊት ወስኑ፤ ለአንዱ ወገን ቆጥሮ ለሌላው መተው ወዲያው ይታወቃል።

በጥቅሙ በኩልም ያው ነው። በቻይና ዕድሜ በእጅጉ የረዘመው ገና እ.ኤ.አ. ከ1978ቱ የገበያ ማሻሻያ በፊት ነው፤ ወደ 800 ሚሊዮን ሰው ከከፋ ድህነት የወጣው ከዚያ በኋላ። ሁለቱም ወገን እኩል የሚጠቅሰው ማስረጃ ስለሆነ ብቻውን አያሸንፍም። ከአንድ መነሻ የተለያዩት ምሥራቅና ምዕራብ ጀርመን ይሻላሉ። ደቡብ ኮሪያን ለነፃ ገበያ ምሳሌ የሚያደርግ ግን ባንኮቿን ወታደራዊ መንግሥት ይመራቸው እንደነበር ይጠየቃል።

ወደ አገራችን ስትመጡ ጥንቃቄ ጨምሩ። የ1965–66 ዓ.ም. የወሎ ረሃብ በካፒታሊዝም ሒሳብ አይያዝም፤ ሥርዓቱ ባላባትና ጭሰኛ ነበር። በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ድርቅም ነበረ፣ ጦርነትም ነበረ፤ ሥርዓቱን ለመክሰስ የሚያበቃው ክር የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት በተወሰነ ዝቅተኛ ዋጋ የሚሰበስበው ኮታ ነው፤ እሱን ያዙ። ደርግን የምትከሱ ከሆነ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ጭሰኝነትን ያስቀረውን አዋጅና በ1971 የተጀመረውን የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ቀድማችሁ እመኑ፤ ተጋጣሚያችሁ ሊመዝዘው ያሰበው ካርድ ይቃጠላል። የምትከላከሉም ብትሆኑ ቀይ ሽብርን «የአብዮት ስህተት» ብላችሁ አትለፉት፤ አዳራሹ ውስጥ ቤተሰቡን ያጣ ሰው ሊኖር ይችላል።