የመጀመሪያ ጃኩዚ ሲገዙ፦ ጄት ከመቁጠር በፊት

እኛ ዘንድ «ጃኩዚ» የማንኛውም ሙቅ ገንዳ ስም ሆኖ ቀርቷል። ቃሉ ግን ካሊፎርኒያ የሰፈሩ ጣሊያናዊ ወንድማማቾች ያቋቋሙት ኩባንያ ስም ነው። አሜሪካ ሱቅ ገብተው «ጃኩዚ ፈልጌ ነበር» ካሉ ሻጩ የዚያን ብራንድ ደንበኛ አድርጎ ሊወስድዎ ይችላል። «ሆት ተብ» ወይም «ስፓ» ይበሉ።

ይህ መመሪያ ሜሪላንድ፣ ዴንቨር፣ ሚኒያፖሊስ ወይም ሲያትል የራሳቸው ቤትና ጓሮ ኖሯቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚገዙ ነው። ሱቅ ውስጥ ዓይን የሚስበው የጄቱ፣ ማለትም ውሃ በግፊት የሚረጨው ቀዳዳ፣ ብዛት፣ ባለ ቀለም መብራቱና ድምፅ ማጉያው ነው። ከ3 ዓመት በኋላ የሚያስደስትዎ ወይም የሚያስቆጭዎ ግን ሌላ ነው፦ ገንዳው ሙቀት ይይዛል ወይ? ሲበላሽ ማን ይመጣል? ሲቀመጡበትስ ይመቻል?

መጀመሪያ ጓሮውን ይለኩ

ለ6 ሰው የሚሆን ገንዳ አብዛኛውን ጊዜ ወደ 7 ጫማ በ7 ጫማ ይሰፋል፤ ከፍታው 3 ጫማ ገደማ ነው። ወደ ጓሮ የሚገባው በጎኑ ቆሞ በጋሪ እየተገፋ ስለሆነ፣ ከመንገድ እስከ ማረፊያው ድረስ 4 ጫማ ስፋትና ከ8 ጫማ በላይ ከፍታ ያለው መተላለፊያ ያስፈልጋል። ሰው የሚረሳው የአጥሩን በር ብቻ አይደለም፤ ከግድግዳው ወጣ ያለ የጋዝ ቆጣሪ፣ የኤር ኮንዲሽነሩ ሳጥን፣ ዝቅ ያለ የጣሪያ ጠርዝም መንገድ ይዘጋሉ። መተላለፊያ ከሌለ በክሬን በቤቱ ላይ ማሳለፍ ግድ ይሆናል፤ ይህም በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር ይጨምራል።

ቀጥሎ ክብደት። አንድ ጋሎን ውሃ 8.34 ፓውንድ ይመዝናል። 350 ጋሎን የሚይዝ ገንዳ ውሃው ብቻ 2,900 ፓውንድ ይሆናል። ባዶ ገንዳውን 800፣ 6 ሰዎችን ደግሞ 1,000 ብለን ብንደምር 4,700 ፓውንድ ደረስን። ይህን በ49 ስኩዌር ጫማ ሲያካፍሉት ለእያንዳንዱ ስኩዌር ጫማ 96 ፓውንድ ያህል ነው። የመኖሪያ ቤት የእንጨት ዴክ በተለምዶ የሚሠራው 40 ፓውንድ እንዲሸከም ነው። ስለዚህ «ዴካችን ጠንካራ ነው፣ ስንት ሰው ጨፍሮበታል» የሚለው አያስኬድም፤ መሐንዲስ አይቶ ካላጸደቀ በስተቀር ዴክ ላይ አያስቀምጡ። አስተማማኙ መሬት ላይ የፈሰሰ፣ ውፍረቱ 4 ኢንች የሆነ፣ ውሃ ልኩን የጠበቀ ኮንክሪት ነው። ንጣፉ ካዘመመ ውሃው ወደ አንድ ጎን ይተኛል፤ ጭነቱም እኩል ስለማይሆን ከጊዜ በኋላ አካሉ ይጣመማል ወይም ይሰነጠቃል። ዋስትናው ደግሞ ይህን አይሸፍንም።

የሰፈር ማኅበር፣ ማለትም ኤች ኦ ኤ፣ ካለብዎ ቀብድ ከመክፈልዎ በፊት ፈቃዱን በጽሑፍ ይያዙ።

120 ቮልት ወይስ 240?

«ሰክተህ ተጠቀም» ተብለው የሚሸጡት በ120 ቮልት ይሠራሉ። ኤሌክትሪሺያን ስለማያስፈልግ ርካሽ ይመስላሉ። ማሞቂያቸው ግን 1 ኪሎዋት አካባቢ ነው፤ 350 ጋሎን ውሃን በሰዓት የሚጨምረው 1.2 ዲግሪ ፋራናይት ያህል ብቻ ነው። ከቧንቧ በ50 ዲግሪ የመጣ ውሃ 102 እስኪደርስ ሁለት ቀን ሊሞላ ምንም አይቀረውም። የ240 ቮልቱ 4 ኪሎዋት ማሞቂያ ይህንኑ በ11 ሰዓት ውስጥ ይጨርሳል። ከዚህ የሚከፋው ደግሞ፣ ብዙዎቹ ባለ 120 ቮልቶች ጄቱ በኃይል ሲከፈት ማሞቂያቸው ይጠፋል። ጥር ላይ ሚኒያፖሊስ ክዳኑ ተከፍቶ ጄቱ ሲሠራ ውሃው ከሥርዎ እየቀዘቀዘ ይሄዳል። ቨርጂኒያ ውስጥ ሁለት ሰው ብቻ ለሚጠቀምበት አነስተኛ ገንዳ ያዋጣል፤ ብርድ ለሚበረታበት ቦታና ለትልቅ ቤተሰብ ግን አይመከርም።

ለ240 ቮልቱ በአብዛኛው 50 አምፒር መስመር፣ ባለ 4 ሽቦ 6 ጌጅ (የሽቦ ውፍረት መለኪያ ነው) መዳብና ጂ ኤፍ ሲ አይ፣ ማለትም ኤሌክትሪክ ሲያፈስ መስመሩን ወዲያው የሚቆርጥ መሣሪያ፣ ያለው ማጥፊያ ሳጥን ያስፈልጋል። ሳጥኑ ከውሃው ቢያንስ 5 ጫማ ርቆ፣ ከገንዳው ሆኖ በሚታይ ቦታ መተከል አለበት። ይህ ሕይወት የሚያድን ነገር ስለሆነ ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሺያን ይሥራው፤ የከተማው ፐርሚትም ይውጣለት። «ወንድሜ ሽቦ ይችላል» እዚህ ላይ ይቅር። የቤትዎ ዋና ሳጥን የድሮ 100 አምፒር ከሆነ አስቀድመው ያስመርምሩት፤ እሱን ማሳደግ ብቻውን ከገንዳው ዋጋ ጋር የሚፎካከርበት ጊዜ አለ።

ብራንዶቹን ማወዳደር

ሆት ስፕሪንግና ካልዴራ የአንድ ኩባንያ፣ የዋትኪንስ ዌልነስ ናቸው። ጃኩዚና ሰንዳንስም በአንድ ቡድን ሥር ይሠራሉ። ሁለት ሻጮች እህትማማች ብራንዶችን ይዘው «የእኔ ይሻላል» ሲሉ የሚሟገቱት በአብዛኛው ስለ ጌጥና ስለ ዋጋ ደረጃ ነው። የዩታው ቡልፍሮግ የሚለየው የጄቱ ስብስብ ከጀርባ መደገፊያው ተነቅሎ በሌላ ስለሚተካና መሠረቱ እንጨት ስለሌለው ነው። የኢንዲያናው ማስተር ስፓስና የካናዳው አርክቲክ ስፓስም በየአካባቢው ሻጭ አላቸው። በየትልልቁ መደብር የሚሸጡ በቅርጽ ማውጫ የተሠሩ የፕላስቲክ ገንዳዎች ከአክሪሊክ (አንጸባራቂ ጠንካራ ፕላስቲክ) ገንዳዎች ይረክሳሉ፤ መቀመጫቸው ጠንከር ይላል፣ ቢወድቁም ቶሎ አይሰበሩም። በአየር የሚነፉት የኢንቴክስና የኮልማን ገንዳዎች «ልማዱ ይኖረኝ ይሆን?» የሚለውን ለመፈተን ጥሩ ናቸው፤ ከ40 ዲግሪ ፋራናይት በታች በሆነ ብርድ ግን ለመጠቀም አልተሠሩም።

ብራንድን ከብራንድ በእኩል ሚዛን የሚያስቀምጥ አንድ ቁጥር አለ። ካሊፎርኒያ ውስጥ የሚሸጥ እያንዳንዱ ገንዳ ክዳኑ ተዘግቶ፣ ማንም ሳይጠቀምበት ሙቀቱን ለመያዝ ብቻ ስንት ዋት እንደሚፈጅ የሚገልጽ መለያ መለጠፍ አለበት። ሞዴሎቹ በመላ አገሪቱ ስለሚሸጡ መለያውን ሜሪላንድም ያገኙታል፤ ካላገኙት ሻጩን ቁጥሩን ይጠይቁት። ለ350 ጋሎን ገንዳ የሚፈቀደው ጣሪያ 226 ዋት ገደማ ነው። መለያው 200 ዋት ካለ በወር 144 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል፤ በ16 ሳንቲም ሂሳብ 23 ዶላር ነው። ፈተናው የሚካሄደው በ60 ዲግሪ አየር ስለሆነ ክረምት ላይ የእርስዎ ወጪ ከዚህ ይበልጣል፤ በብራንዶቹ መካከል ያለውን ልዩነት ለማየት ግን ያገለግላል። ተቀራራቢ ጋሎን የሚይዙትን ብቻ ያወዳድሩ።

በፈረስ ጉልበት ግን አይታለሉ። ብሮሹሩ «5 የፈረስ ጉልበት ፓምፕ» ይላል። ሻጩን የጎን መከለያውን እንዲከፍት ይጠይቁትና ሞተሩ ላይ የተለጠፈውን ያንብቡ። 230 ቮልት፣ 12 አምፒር ካለ፣ ሲባዛ 2,760 ዋት ነው። 5 የፈረስ ጉልበት ደግሞ 3,730 ዋት ይፈልጋል። ሞተሩ ከሚወስደው በላይ ሊሰጥ አይችልም፤ ብሮሹሩ የጻፈው ሲነሳ ለቅጽበት የሚያሳየውን ነው። መከለያው ተከፍቶ እያለ ወደ ውስጥ ይመልከቱ፦ ቱቦዎቹ በአረፋ ተቀብረዋል ወይስ አረፋው ግድግዳው ላይ ብቻ ነው? ሙሉ አረፋ ሙቀት አጥብቆ ይይዛል፤ መብራት ሲጠፋም ቱቦው ቶሎ አይበርድም። ቱቦ ቢያፈስ ግን ቀዳዳውን ለማግኘት አረፋ መቆፈር አለ። በረዶ ለሚበዛበት አገር ሙሉ አረፋው ይሻላል እንላለን።

ክዳኑን እንደ ተጨማሪ ዕቃ አይዩት። ሙቀት በብዛት የሚወጣው በላይ በኩል ነው። ክዳኑ መሐሉ ላይ ወፈር ብሎ ወደ ጠርዝ እየሳሳ የሚሄድ መሆን አለበት፤ ዝናብና በረዶ እንዲወርድ። ሱቁ ውስጥ ውሃ የሞላ ገንዳ ካለ ክዳኑ በሚታጠፍበት መስመር ላይ መዳፍዎን ያሳልፉ። እርጥብ ሙቀት መዳፍዎን ከነካው በዚያች ስንጥቅ ሌት ተቀን ገንዘብ ይወጣል ማለት ነው። ጥሩ ክዳን በማጠፊያው ሥር ሙሉ ርዝመቱን የሚሸፍን ማሸጊያ አለው። የትኛውም ክዳን ዘላለም አይኖርም፤ ውስጡ ውሃ መጥጦ ለማንሳት ሁለት ሰው ከፈለገ ጊዜው አልፏል።

ውሃው ውስጥ ይግቡ

ደረቅ ገንዳ ውስጥ ከነጫማ ቁጭ ብሎ መሞከር ምንም አይነግርዎትም። ደህና ሻጭ ቀጠሮ ይዞ ውሃ በሞላበት ገንዳ ያስሞክራል፤ የዋና ልብስና ፎጣ ይዘው ይሂዱ፤ የትዳር ጓደኛዎም ይምጡ። ሁሉም መቀመጫ ላይ ይቀመጡ። አጠር ያለ ሰው በጥልቁ መቀመጫ ውሃው አገጩ ድረስ ይመጣበታል። እግር ዘርግቶ መተኛው ደግሞ በሥዕል ያምራል፤ ብዙ ሰው ላይ ግን ጄቱ ሲከፈት ሰውነት እየተንሳፈፈ አልቀመጥ ይላል፤ የሁለት ሰው ቦታም ይወስዳል። ሁሉንም ጄት ከፍተው ግፊቱን በጀርባዎ ይሰሙ፤ ከዚያ የሌሎቹን መቀመጫዎች ዘግተው እንደገና ይሞክሩ። ሁሉም ሲከፈት የሚልፈሰፈስ ከሆነ 60 ጄት በደካማ ፓምፕ ላይ ተደርድሯል ማለት ነው። በጠንካራ ፓምፕ 30 ጄት ይበልጣል።

ጄቱ ሳይከፈት ውሃውን የሚያዞረውን ፓምፕ ድምፅም ያዳምጡ። መኝታ ቤትዎ መስኮት ሥር ከሆነ የሚሰሙት እሱን ነው።

ሻጩና ዋስትናው

በኤግዚቢሽን አዳራሽ ወይም በገበያ ሜዳ ለ3 ቀን ድንኳን ጥሎ «ዛሬ ብቻ» የሚል ሻጭ ሰኞ ሌላ ከተማ ነው። ቤትዎ አጠገብ ቋሚ ሱቅና የራሱ ቴክኒሺያን ያለው ሻጭ ከሚበልጥ ብራንድ ይበልጣል። ከመፈረምዎ በፊት እነዚህን በጽሑፍ ያስመልሱ፦

- ዋስትናው ለአካሉ፣ ለቱቦው፣ ለሞተርና ለመቆጣጠሪያ ቦርዱ በየተራ ስንት ዓመት ነው? «10 ዓመት» የሚለው ማስታወቂያ ብዙ ጊዜ አካሉን ብቻ ነው።
- የሠራተኛ ዋጋና የመንገድ ክፍያ ይጨምራል?
- የመቆጣጠሪያ ቦርዱ የማን ነው? የቦርድ አምራቾቹ ባልቦዋና ጌኮ በብዙ ብራንዶች ውስጥ ስለሚገኙ ዕቃቸው አይጠፋም፤ የብራንዱ የራሱ ከሆነ ከሻጩ ብቻ ይመጣል።
- ጠቅላላ ዋጋው ማድረሻውን፣ ክዳኑን፣ ክዳን ማንሻውን፣ ደረጃውንና ታክሱን ይዟል?
- ገንዳው በተዘጋጀው ኮንክሪት ላይ ያርፋል ወይስ መንገድ ዳር ይወርዳል? ከትልልቅ መደብሮች የሚገዛው ብዙ ጊዜ መንገድ ዳር ነው የሚቀረው።

በዋጋ ረገድ በግምት፦ የሚነፋው ከ1,000 ዶላር በታች፣ የፕላስቲኩ ከ2,500 እስከ 5,000፣ መካከለኛ አክሪሊክ ከ6,000 እስከ 10,000፣ ከዚያ በላይ ያለው ከ10,000 ይጀምራል። ለኤሌክትሪክና ለኮንክሪት በሺዎች የሚቆጠር ሌላ ገንዘብ ይያዙ።

«በጨው የሚሠራ» ወይም «ኦዞን (ውሃ የሚያጸዳ ጋዝ) ያለው» ሲባሉ ኬሚካል ቀረ ማለት አይደለም። የጨው ሥርዓቱ ራሱ ክሎሪን ወይም ብሮሚን የሚያመርት ነው፤ የሚያመርተው ክፍል የሚያልቅ ዕቃ ስለሆነ የመተኪያውን ዋጋ ይጠይቁ።

ከገዙ በኋላ የሚያበላሸው

የውሃው ክሎሪን ቢያንስ 3 ፒ ፒ ኤም (ከሚሊዮን 3 እጅ)፣ ፒ ኤቹ (የአሲድነት መለኪያው) ከ7.0 እስከ 7.8 መሆን አለበት፤ ከመግባትዎ በፊት በመለኪያ ወረቀት ይፈትሹ። ክሎሪን ሲያንስ ቆዳ ላይ ሽፍታ የሚያወጣው ባክቴሪያ በሙቅ ውሃ በፍጥነት ይራባል። ለዋና ገንዳ የሚሸጠውን እንክብል ክሎሪን አይጠቀሙ፤ ውሃውን አሲዳማ አድርጎ ማሞቂያውን ይበላል፤ በዚህ የደረሰ ጉዳትም ከዋስትና ውጪ ነው።

የእኛ ቤት ልዩ ችግር ቅቤ ነው። ቅቤ ወይም ዘይት የተቀባ ፀጉር፣ ሎሽን የተቀባ ገላ ይዞ መግባት ውሃውን አረፋ በአረፋ ያደርገዋል፤ ማጣሪያውንም ይደፍናል። ማጣሪያ ሲደፈን የውሃው ፍሰት ይቀንሳል፣ ማሞቂያውም ራሱን ያጠፋል፤ «ተበላሸ» ተብሎ ቴክኒሺያን የሚጠራበት የተለመደ ምክንያት ይኸው ነው። ገላ ታጥቦ መግባትን ደንብ ያድርጉ፤ ማጣሪያውን በየሁለት ሳምንቱ በጎማ ይጠቡ። ውሃው መቼ ይቀየር ለሚለው ጋሎኑን ለ3፣ ከዚያ በቀን ለሚገባው ሰው ብዛት ያካፍሉ፦ 350 ጋሎን፣ በቀን 2 ሰው ከሆነ 58 ቀን ገደማ። ለፋሲካ ዘመድ ሁሉ ከገባበት ቀኑን አይጠብቁ።

ከፍተኛው ሙቀት 104 ዲግሪ ነው። ነፍሰ ጡርና ከ5 ዓመት በታች ያለ ሕፃን አይገቡም። ክዳኑ የሚቆለፍ ይሁን።

መጀመሪያ ሲሞሉ የውሃውን ጎማ ማጣሪያው በሚቀመጥበት ጉድጓድ ውስጥ ያስገቡት፤ ቱቦው ውስጥ አየር እንዳይታፈን። እስከ ምልክቱ ሳይሞላ ማብሪያውን አይንኩ፤ ማሞቂያው በባዶ ከበራ ይቃጠላል። በርቶ ሞተሩ እየጮኸ ከጄቱ ምንም ካልወጣ አየር ታፍኗል፦ ማጥፊያ ሳጥኑ ላይ ያጥፉት፣ ከፓምፑ በላይ ያለውን የቱቦ ማያያዣ በእጅ ትንሽ ያላሉት፣ አየሩ «ፍስስ» ብሎ ወጥቶ ውሃ ማንጠባጠብ ሲጀምር መልሰው ያጥብቁትና ያብሩት።