«ልጅ እኮ ነው» ብላችሁ አትጀምሩ

ወጣቶችን ለክርክር ማሠልጠን ከጀመርኩ ብዙ ዓመት ሆነኝ። አንድ ርዕስ በየዓመቱ ይመለሳል፦ ከ18 ዓመት በታች ሆኖ ሰው የገደለ በሞት ይቀጣ ወይስ አይቀጣ? እኔ አይቀጣ ከሚሉት ነኝ። ከዚህ በታች ከምጽፋቸው ስህተቶች አብዛኞቹ ግን የራሴ ወገን ስህተቶች ናቸው። የሚያናድደኝም እሱ ነው። ጥሩ ሐሳብ ይዘን ስንረታ ማየት ሰልችቶኛል። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ወንጀሉን ማሳነስ

ከሁሉም የሚያበሳጨኝ ይሄ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልናገር።

አንድ ጎበዝ ተከራካሪ ነበረኝ፤ ዕድሜው 17። መድረክ ላይ ወጥቶ «ልጅ እኮ ነው፤ ተሳስቷል» ብሎ ጀመረ። ከአድማጮቹ መካከል አንዲት ሴት እጇን አወጣች። ታናሽ ወንድሟ ተገድሎባታል። ገዳዩ 16 ዓመቱ ነበር። «ተሳሳተ የሚባለው ፈተና ላይ ነው» አለችና ተቀመጠች። ሌላ ምንም አልጨመረችም። የልጁ ወረቀት እጁ ላይ ሲንቀጠቀጥ ከኋላ ወንበር ይታየኝ ነበር። ንግግሩን እስከ መጨረሻው አነበበው። ማንም ግን አልሰማውም።

እባካችሁ፣ ግድያን «ስህተት»፣ «አጋጣሚ»፣ «የልጅነት ነገር» አትበሉት። ሰው ሞቷል። ክርክራችሁ የሚቆመው ወንጀሉ ቀለል ሲል ብቻ ከሆነ፣ ከባዱ ጉዳይ በመጣ ቀን ይፈርሳል። የሞት ቅጣት ደግሞ የሚጠየቀው በከባዱ ጉዳይ ነው።

የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2005 ሮፐር እና ሲመንስ በተባለው መዝገብ የሰጠውን ውሳኔ ተመልከቱ። ክሪስቶፈር ሲመንስ በ1993፣ በ17 ዓመቱ፣ ሚዙሪ ውስጥ ከአንድ የ15 ዓመት ልጅ ጋር ሆኖ በሌሊት ሰው ቤት ገባ። ቤት ውስጥ ያገኟትን ሴት አሰሯት። ፊቷን ሸፈኑት። ከዚያ ከድልድይ ላይ ወንዝ ውስጥ ጣሏት። ውሳኔውን የጻፉት ዳኛ አንተኒ ኬኔዲ ይህን ሁሉ ሳያለዝቡ መጀመሪያ ላይ ዘረዘሩት። ወንጀሉ ምን እንደሚመስል አንባቢው ካየ በኋላ ነው ድርጊቱን በፈጸመበት ጊዜ 18 ያልሞላው ሰው በሞት አይቀጣም ያሉት። ውጤቱ 5 ለ4 ነበር።

ምክንያቶቻቸው ሦስት ናቸው። በዚያ ዕድሜ ያለ ልጅ ችኩል ነው፤ ኃላፊነቱም ገና አልበሰለም። በጓደኛና በአካባቢ ግፊት በቀላሉ ይወሰዳል። ጠባዩም ገና አልጸናም። ከሦስቱ አንዱም «ወንጀሉ ቀላል ነበር» አይልም። ይህን ቅደም ተከተል ተማሩ። መጀመሪያ ሟችን፣ ቀጥሎ ድርጊቱን፣ ከዚያ ልጁን።

ዕድሜውን ከተሳሳተ ቀን መቁጠር

የሚቆጠረው ድርጊቱ የተፈጸመበት ቀን ነው፤ የፍርዱ ወይም የቅጣቱ ቀን አይደለም። የ1966ቱ የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን አንቀጽ 6ም፣ የ1989ኙ የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን አንቀጽ 37ም የሚሉት ይህንኑ ነው። ልጁን 18 እስኪሞላው እስር ቤት አቆይቶ ከዚያ መስቀል ክልከላውን ማክበር አይደለም። ኢራን ውስጥ ይህ በተደጋጋሚ ተፈጽሟል።

«አይገደል»ን «ይፈታ» ማስመሰል

ተቃራኒዎቻችን ይህን ሆን ብለው ያደርጉታል። የእኛዎቹ ደግሞ ሳያውቁት በር ይከፍቱላቸዋል። «ታዲያ ምን ይደረግ?» ሲባሉ አፋቸው ይያያዛል። ሲመንስ ከሞት ተርፎ ቤቱ አልሄደም፤ ያለ አመክሮ ዕድሜ ልክ እስራት ነው የጠበቀው። እሱም ራሱ ሌላ ክርክር አለው፦ የሕፃናት ኮንቬንሽኑ የመፈታት ዕድል የሌለውን ዕድሜ ልክ እስራትም ይከለክላል፤ የአሜሪካው ፍርድ ቤት ደግሞ በ2012 ይህን ቅጣት ለወጣት ገዳዮች ዳኛው አማራጭ በሌለው መንገድ በግዴታ መወሰንን አግዷል። የመፈታት ዕድል ማለት ግን መፈታት አይደለም። ከዓመታት በኋላ አንድ አካል መዝገቡን ከፍቶ ሰውዬውን ያየዋል ማለት ነው። የምትደግፉትን ቅጣት በመጀመሪያው ደቂቃ በግልጽ ተናገሩ። እስራት ከሆነ እስራት በሉ።

አንጎል፣ አንጎል፣ አንጎል

ይህን እኔም ሠርቼዋለሁ። ለብዙ ጊዜ የአንጎል ሥዕል በፕሮጀክተር እያሳየሁ፣ «ግፊትን የሚቆጣጠረው የፊተኛው ክፍል እስከ ሃያዎቹ አጋማሽ አይበስልም» እል ነበር። ነገሩ እውነት ነው። አንድ ቀን አንድ አዛውንት ጠበቃ ትንሽ አዳመጡኝና፣ «እሺ ልጄ፣ የ22 ዓመቱንስ ምን ልታደርገው ነው?» አሉኝ። መልስ አጣሁ። እሳቸው ቀጠሉ፤ «ያው አንጎል ያላቸው ሌሎቹ ልጆችስ ለምን አልገደሉም?»

ያን ምሽት ቤቴ ገብቼ ወረቀቴን ሁሉ ከለስኩ። ስህተቴ «አእምሮው አልበሰለም» የሚለውን ወደ «አያውቅም ነበር» መጎተቴ ነው። የ16 ዓመት ልጅ መግደል ክፉ መሆኑን ያውቃል። ተመራማሪዎቹ የሚሉት ሌላ ነው። በተረጋጋ ሁኔታ፣ ጊዜ ወስዶ፣ ብቻውን ሲያስብ ከአዋቂ ብዙም አይርቅም። ደሙ ሲፈላና ጓደኞቹ ሲያዩት ግን ፍሬኑ ይላላል። በኮምፒውተር የመኪና መንዳት ጨዋታ በተደረገ ሙከራ፣ ጓደኞቻቸው ሲመለከቷቸው ታዳጊዎቹ ብቻቸውን ከሚሆኑበት ጊዜ ይበልጥ ደፍረው አደጋ ውስጥ ገብተዋል። በአዋቂዎቹ ላይ ይህ ለውጥ አልታየም።

ስለዚህ «ተጠያቂ አይደለም» አትበሉ። «ተጠያቂ ነው፤ ግን ከአዋቂ እኩል አይደለም፤ ደግሞም ይለወጣል» በሉ። ስለ 22 ዓመቱ ከተጠየቃችሁም አትሽሹ። 18 ሰው ያሰመረው መስመር ነው። ኬኔዲም ይህን አልካዱም፤ የሆነ ቦታ መሰመር ስላለበት ሕግ በብዙ ነገር ልጅን ከአዋቂ የሚለይበትን ዕድሜ ወሰዱ።

«ልጅ ቅጣትን አያሰላም»

ይህን የሚል ተከራካሪ የሲመንስን መዝገብ አላነበበም። ልጁ ለጓደኞቹ፣ «ለአካለ መጠን ስላልደረስን እናመልጣለን» ብሏቸው ነበር። ተቃራኒያችሁ ይህን ይዞ ከመጣና እናንተ ካልሰማችሁት አለቀላችሁ። ቀድማችሁ አንሱት። ከዚያ ቀጥሎ ያለውን ንገሩ፦ በዚያን ጊዜ የሚዙሪ ሕግ የ17 ዓመት ልጅን በሞት ይቀጣ ነበር። ልጁ ስለ ቅጣት አስቧል፤ ግን ተሳስቶ ነው ያሰበው። የሞት ቅጣቱ ሕጉ ውስጥ ነበር፤ ግድያውን ግን አላስቀረም።

ጠንካራውን የተቃራኒ ክርክር መዝለል

«አንዳንድ የ17 ዓመት ልጅ ከአዋቂ በላይ የበሰለ ነው፤ እያንዳንዱን ጉዳይ ጁሪው ይየው።» (ጁሪ ማለት ለፍርድ ከሕዝብ የተመረጡ ተራ ዜጎች ስብስብ ነው።) በ2005 ከተቃወሙት ዳኞች አንዷ ሳንድራ ዴይ ኦኮነር የያዙት ሐሳብ ይህን የመሰለ ነበር። ከባድ ሐሳብ ነው፤ ቁጣ አይመልሰውም። የሲመንስ ችሎት ግን ይመልሰዋል። ተከላካይ ጠበቃው ዕድሜውን በማቅለያነት ሲያነሳ ዐቃቤ ሕጉ ገለበጠው። 17 ዓመት አያስፈራችሁም ወይ፣ ይህ ማቅለያ ነው ወይ ብሎ ጁሪውን ጠየቀ። ቅጣቱን ሊያቀልለት የሚገባው ነገር ሲያከብድበት አያችሁ? ወንጀሉ በከፋ ቁጥር ልጅነቱ እየጠፋ ይሄዳል። ቁርጥ ያለ መስመር ያስፈለገው ለዚህ ነው።

ስቲኒን ያለ ቦታው መጥራት

ጆርጅ ስቲኒ 14 ዓመቱ ነበር። ሳውዝ ካሮላይና ውስጥ በሁለት ልጃገረዶች ግድያ ተከሶ በ1944 በኤሌክትሪክ ወንበር ተገደለ። ችሎቱ በአንድ ቀን አለቀ። ነጮች ብቻ የነበሩበት ጁሪ ለመወሰን የፈጀበት 10 ደቂቃ ገደማ ነው። ይግባኝም አልተጠየቀለትም። በ2014 ፍርዱ ተሻረ። ይህን ታሪክ ባነበብኩት ቁጥር ያመኛል። ግን የተሻረው ችሎቱ ፍትሐዊ ስላልነበረ ነው። ስለዚህ ጥፋተኛ የሆነ ልጅ በሞት መቀጣት እንደሌለበት አያረጋግጥም። የሚያረጋግጠው ልጅ ራሱን መከላከል እንደማይችል ነው። እዚያ ቦታ ተጠቀሙበት። ከጎኑ የኒውዮርኩን ሴንትራል ፓርክ ጉዳይ አስቀምጡ። በ1989 ከ14 እስከ 16 ዓመት የሆኑ አምስት ልጆች በአስገድዶ መድፈር ተከሰሱ። አራቱ በቪዲዮ አምነው ነበር። በ2002 እውነተኛው ጥፋተኛ አመነ፤ የዲኤንኤ ምርመራውም እሱን አመለከተ። በልጆቹ ላይ የተሰጠው የጥፋተኝነት ፍርድም ተሻረ። «ራሱ አምኗል እኮ» የሚላችሁ ሲመጣ ይህን አስታውሱ።

አሜሪካ ዛሬም ልጆችን በሞት ትቀጣለች ማለት

አትቀጣም፤ በ2005 ቆሟል።

ስለ ሟች ቤተሰብ መናገር

ደጋፊዎቹ «የሟች ቤተሰብ ደም ይጠይቃል» ይላሉ። የእኛዎቹ ደግሞ ቤተሰቡን ጨርሶ አያነሱም፤ ካነሱም በቀለኛ ያደርጉታል። ሁለቱም ሳይጠይቁ ነው የሚናገሩት።

እኔም ሳልጠይቅ ተናግሬያለሁ። ያቺን ሴት ዝግጅቱ ሲያልቅ በሩ ላይ አገኘኋትና ስለ ልጁ አነጋገር ይቅርታ ጠየቅኳት። የሞት ቅጣት ደጋፊ መስላኝ ስለነበር ምክንያቶቻችንን አንድ በአንድ ማስረዳት ጀመርኩ። ዝም ብላ ሰማችኝ። ስጨርስ፣ «እንዲገደል ጠይቄ አላውቅም» አለችኝ። ቀጥላም ስለ ወንድሟ ነገረችኝ። ሲስቅ አፉን በእጁ ይሸፍን ነበር አለች፤ የፊት ጥርሱ ተሸርፎ ስለነበር ያፍር ነበር። ተከራካሪዬ ከጎኔ ቆሞ ይሰማ ነበር።

በሚቀጥለው ሳምንት ንግግሩን እንደ አዲስ ጽፎ አመጣልኝ። «ልጅ እኮ ነው» የሚለው ወጥቷል። የመጀመሪያው አንቀጽ ሙሉ በሙሉ ስለ ሟች ነበር።