ዱቄት የሚያራግፍ ጣውላ፦ የተደበቀ ነቀዝን ሳይሠሩበት መለየት

ወንበሩ ተሽጦ ከሄደ ከዓመት በኋላ ደንበኛው «ከሥሩ ዱቄት እያራገፈ ነው» ብሎ ሲመጣ፣ ነቀዙ ከገዢው ቤት የተነሣ ይመስላል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ከጣውላው ጋር አብሮ የሄደ ነው። የነቀዙ እናት ጥንዚዛ እንቁላሏን የምትጥለው በጥሬው እንጨት ጥቃቅን ቧንቧዎች ውስጥ ነው። ትሉ ውስጥ ውስጡን እየበላ ያድጋል፤ እኛ የምናየው ክብ ቀዳዳ አድጎ የወጣበት በር ነው። ከእንቁላል እስከዚያ በር አንድ ዓመት ገደማ ይፈጃል፣ እንጨቱ ምግብ ካነሰው ከዚያም ያልፋል። ላዩ ደህና የሆነ ባቄላ ሲከካ ባዶ ሆኖ እንደሚገኘው ሁሉ፣ ቀዳዳ ያልታየበት ጣውላም ንጹሕ ነው ማለት አይደለም።

መጀመሪያ ነጩን ይዩ። ነቀዙ የሚፈልገው ስታርች፣ ማለትም እንጨቱ ያከማቸውን ምግብ ነው፤ ስታርቹ ያለው ደግሞ ከቅርፊቱ ሥር ባለው ነጭ ክፍል እንጂ በልቡ አይደለም። በጅማ ዙሪያ ከቡና ጥላ የሚወርደው ዋንዛ ይህን በግልጽ ያሳያል፦ ልቡ ቡናማ፣ ዳሩ ነጣ ያለ ነው፤ ሲበላም የሚበላው ዳሩ ነው። ከወጣት ዛፍ የተሰነጠቀ ጣውላ ነጩ ስለሚበዛ በርካሽ ቢገኝም አያዋጣም። የፈረንጅ ጥድ እነዚያ ቧንቧዎች ስለሌሉት ይህ ነቀዝ አይገባበትም። ከጥድ ዱቄት ሲወርድ ካዩ ነቀዙ ሌላ ዓይነት ነው፣ እንጨቱም እርጥበት ያለበት ቦታ ሳይቀመጥ አልቀረም።

ከቀዳዳው ይልቅ ዱቄቱ ብዙ ይናገራል። በሁለት ጣት ይሹት። እንደ ስንዴ ዱቄት ልስልስ ካለና ቀዳዳው ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ከሆነ፣ ነጩን የሚፈጨው ትንሹ ነቀዝ ነው። ቀዳዳው ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ ሆኖ ዱቄቱ ውስጥ ተጠቅጥቆ ሲገኝ ትልቁ ዘመዱ ነው፤ እሱ ፈጥኖ ይጎዳል። እንደ አሸዋ የሚሻክር ዱቄት ደግሞ እርጥበት የሚወደው ነው። ምንም ዱቄት የሌለው፣ ዙሪያው የጠቆረ የመርፌ ቀዳዳ ካዩ አይደንግጡ። ያ ግንዱ እርጥብ እያለ የገባ ነፍሳት ሥራ ነው፤ እንጨቱ ሲደርቅ ነፍሳቱ ይሞታል፣ ተመልሶም አይገባም። ለመሳቢያ ጎንና ለጀርባ ያለ ስጋት ይሠራበታል።

ምስጥ ሌላ ነው። ላዩን እንደ ቅርፊት ትቶ በእንጨቱ ጭረት አቅጣጫ ውስጡን ይቦረቡራል፣ በቦረቦረውም ቦታ አፈር ይለጥፋል። እንዲህ የሚሆነው ቁልሉ መሬት ነክቶ ሲከርም ነው። ከመሬት የሚመጣው ምስጥ ከአፈሩ ተነጥሎና ደርቆ ስለማይኖር፣ የተበላውን ቆርጦ ማውጣትና የቀረውን ማድረቅ ይበቃል፤ መድኃኒት አያስፈልግም።

አሁን ወደ ፍተሻው። ጣውላውን በሁለት ድጋፍ ላይ አጋድመው ከጫፍ እስከ ጫፍ በትንሽ መዶሻ እያንኳኩ ይሂዱ፤ ድምፁ ከጠራ ወደ ደፈነ የተቀየረበትን ቦታ በእርሳስ ያክቡ። ከዚያ የስልክ ባትሪ አብርተው ከጎን በኩል፣ ጣውላው ላይ ተኝቶ እንዲያልፍ አድርገው ይያዙት። ከላይ ሲያበሩ የማይታየው ቀዳዳና እብጠት በጥላው ይጋለጣል። የተከበበውንና ነጩን ዳር በወስፌ ይውጉ፦ ደህና እንጨት ወስፌውን ይገታል፣ የተበላው ግን እንደ ደረቅ ዳቦ ያስገባዋል። በመጨረሻ ከእያንዳንዱ ጫፍ 5 ሴንቲ ሜትር ቆርጠው አዲሱን ገጽ ይዩ። ነጩ ላይ ክሬም መልክ ያላቸው ነጠብጣቦች ካሉ እነሱ በዱቄት የተሞሉ መንገዶች ናቸው። ይህ ቁራጭ ከሁሉም ፍተሻ የሚታመነው ነው፤ ሻጩ መቁረጥ ካልፈቀደ ሌላ ጣውላ ይፈልጉ።

ነቀዙ ሕያው ይሁን የሞተ ለማወቅ፣ ያሉትን ቀዳዳዎች በሳሙና ደፍነው ጣውላውን በጥቁር ፕላስቲክ ላይ ለ3 ሳምንት ያኑሩት። አዲስ ነጭ ዱቄት ከወረደ ሕያው ነው። ካልወረደ ግን ነፃ ነው ብለው አይፍረዱ፤ ትሉ ገና አልወጣ ይሆናል። ግራጫና የረጋ ዱቄት የቆየ ነው፤ ጣውላው በተነቀነቀ ቁጥር የቆየውም ስለሚራገፍ በእሱ አይታለሉ።

ከመድኃኒት በፊት መጋዝ ይቅደም። ነጩን ሙሉ በሙሉ ቆርጦ ልቡን ብቻ መሥራት ከማንኛውም ኬሚካል ይሻላል። እግርና መጋጠሚያ የሚሆን እንጨት ወስፌ 5 ሚሊ ሜትር ከገባበት በኮላ አይጠገንም፤ ይጣል።

ነጩን ማዳን የግድ ከሆነ ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ሙቀት ነው፦ የእንጨቱ መሐል 56 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ደርሶ ለ30 ደቂቃ መቆየት አለበት። አየሩ 60 ሆነ ማለት መሐሉ 60 ሆነ ማለት አይደለም። ስለዚህ ከሁሉ ወፍራሙን ጣውላ እስከ መሐሉ በስተው ቴርሞሜትር ይክተቱበት። ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ፀሐይ፣ በጥቁር ፕላስቲክ የታሸገ ሳጥን 2.5 ሴንቲ ሜትር ጣውላን ሊያደርስ ይችላል። 5 ሴንቲ ሜትሩን ግን በፀሐይ አይመኑት። በጅማ ክረምት ደግሞ አይታሰብም።

ሁለተኛው ቦሬት፣ ማለትም ከቦሪክ አሲድና ከቦራክስ የሚበጠበጥ መድኃኒት ነው። ለ10 ሊትር ሙቅ ውኃ 400 ግራም ቦሪክ አሲድና 600 ግራም ቦራክስ ጠርቶ እስኪሟሟ ያማስሉ፤ ሲቀዘቅዝ ሊረጋ ስለሚችል በሙቀቱ ይቀቡ። ሳይደርቅ ሦስት ጊዜ ደርበው በፕላስቲክ ይጠቅልሉት። እርጥብ እንጨት ላይ ወደ ውስጥ ይዘልቃል። ደረቅ ላይ ግን ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሚገባ፣ ጥልቅ ያለውን ትል አይገድልም፤ አዲስ እንዳይገባ ይከላከላል እንጂ። ቫርኒሽ በተቀባ እንጨት ላይ ከንቱ ነው። ጓንት ያድርጉ፣ ሲያለሰልሱ አፍንጫዎን ይሸፍኑ፤ መክተፊያና ገበቴ ላይ አይጠቀሙ። ለእህል የሚሸጠውን የነቀዝ ክኒን ቤት ወይም ዎርክሾፕ ውስጥ ፈጽሞ አያስገቡ፤ ጋዙ ሰው ይገድላል። የተቃጠለ ዘይት ለአጥር እንጨት ይሁን፤ የቤት ዕቃ ላይ ግን ኮላም ቫርኒሽም አያስይዝም።

ከአንድ ግንድ የሚጠረበው የጅማ በርጩማ የራሱ ችግር አለው፦ ነጩ የመቀመጫው ከንፈር ላይ ከቀረ በኋላ ነቅሎ መቀየር አይቻልም። ስለዚህ ግንዱ ሲመረጥ ነጩ ከወጣለት በኋላ የሚቀረው ልብ ከመቀመጫው ስፋት እንዲበልጥ ያስፈልጋል። ቅርጹን በእርጥቡ፣ 1 ሴንቲ ሜትር ትርፍ ትተው ያውጡ። በቦሬቱ ውስጥ አንድ ቀን ነክረው በፕላስቲክ ለአንድ ወር ይጠቅልሉ፣ ከዚያ ጥላ ውስጥ ያድርቁ። ቦሬቱን ወደሚቀረው ነጭ የሚያዘልቀው እርጥበቱ ራሱ ነው፤ ደርቆ ከተጠረበ ዕድሉ አልፏል።

የቀሩ ጥቂት አሮጌ ቀዳዳዎች በዚያው እንጨት ሰጋቱራና በኮላ ይደፈናሉ። ነቀዙ የተወው ዱቄት ግን ስለማይይዝ አስቀድመው በትንፋሽ ወይም በብሩሽ ያውጡት። ቫርኒሽ የጠረጴዛውን ፊት ብቻ መቀባት ልማድ ሆኗል፤ ጥንዚዛዋ ግን የተቀባ ገጽ ላይ እንቁላል ስለማትጥል የምትመለሰው በሥሩ፣ በመሳቢያው ውስጥና በእግሩ ጫፍ ነው። እዚያም ቢያንስ አንድ እጅ ይቀቡ።

ጣውላ ሲያከማቹ ከመሬት 40 ሴንቲ ሜትር ከፍ ያድርጉ፣ በየመሐሉ 2 ሴንቲ ሜትር መለያ እንጨት ያስገቡ፣ ቅርፊት ያለውን ልጠው ይደርድሩ። ቆርጠው ያወጡትን ነጭ ክፍል ግን ጥግ ላይ አያኑሩት፤ የዚያኑ ዕለት ምድጃ ይግባ።