የለካሁት ቦታ ካርታው ላይ ለምን ሌላ ቦታ ሄደ? የኪውጂአይኤስ ችግርና መፍትሄ

ቱሉ ዲምቱና ኮዬ ፈጬ አካባቢ በኪውጂአይኤስ (QGIS) በተባለው የካርታ ሶፍትዌር የምንሠራ ሰዎች ስንገናኝ ከሁሉ በላይ የሚነሳው ይህ ጥያቄ ነው። ሶፍትዌሩ ነፃ ነው፤ ደውለን የምንጠይቀው ሻጭ የለም። መልሱን እርስ በርስ መቀባበል የእኛ ድርሻ ነው።

ምልክት፦ ነጥቦቹ ቅርጻቸውን እንደጠበቁ ሁሉም እኩል ወደ ደቡብ ምዕራብ ሸሽተዋል። በሳተላይት ምስሉ ላይ ሲለካ ከ200 ሜትር በላይ ነው።

ምክንያት፦ የቦታው ቁጥሮች አዲንዳን የሚባለው የቆየ የቦታ መለኪያ ሥርዓት ናቸው፤ እርስዎ ደብሊውጂኤስ 84 (WGS 84) በሚባለው በሌላው ሥርዓት ከፍተዋቸዋል። የቆዩት ባለ 1፡50,000 የመልክዓ ምድር ካርታዎች በአዲንዳን ተሠርተዋል፤ ስልክዎ የሚሰጠው ግን ደብሊውጂኤስ 84ን ነው። በሜትር ሲጻፉ ሁለቱም ዩቲኤም (ቦታን በሜትር የሚገልጽ አሠራር) ዞን 37 ስለሚባሉ በዓይን አይለዩም። በእኛ አካባቢ የአንድ ቦታ የደብሊውጂኤስ ንባብ ከአዲንዳኑ ወደ ምሥራቅ 90፣ ወደ ሰሜን 200 ሜትር ገደማ ይበልጣል።

መፍትሄ፦ ሌየሩን (ነጥቦቹ ያሉበትን የካርታ ንብብር) በቀኝ ጠቅ አድርገው «ሴት ሌየር ሲአርኤስ» (Set Layer CRS) ውስጥ ኢፒኤስጂ (EPSG) 20137ን፣ ማለትም የአዲንዳን ዞን 37 መለያ ቁጥርን፣ ይምረጡ። ይህ ቁጥሮቹን አይነካም፤ የየትኛው ሥርዓት እንደሆኑ ብቻ ይነግረዋል። ከአንዱ ሥርዓት ወደ ሌላው የመቀየሪያ ዝርዝር ከመጣ ለኢትዮጵያ የተዘጋጀውን ይውሰዱ። ከዚያ በኋላ በ«ኤክስፖርት» ወደ 32637 (የደብሊውጂኤስ 84 ዞን 37 መለያ ቁጥር) ቀይረው በአዲስ ፋይል ያስቀምጡ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቅደም ተከተሉ ላይ ነው፤ መጀመሪያውኑ 32637 ብሎ ይሰይምና ስህተቱን ያጸናዋል።

ነጥቡን በእጅ ጎትቶ ማስተካከልን አጥብቄ እቃወማለሁ። ለዓይን የቀና ይመስላል፤ ቀጥሎ የሚሠራው ሰው ግን ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ማወቅ አይችልም። እንዲህ ያለ ነጥብ ኦፕንስትሪትማፕ (ሁሉም የሚያርመው የጋራ የኢንተርኔት ካርታ) ላይ ከተጫነ ደግሞ ስህተቱ የአንድ ሰው መሆኑ ይቀርና የሰፈሩ ሁሉ ይሆናል። እባካችሁ ከመጫናችሁ በፊት የምታውቁትን መስቀለኛ መንገድ በስልክ ለክታችሁ አመሳክሩ።

ነጥቡ ሜድትራኒያን ባሕር ውስጥ፣ ሰርዲኒያ ደሴት ደቡብ ጫፍ አጠገብ ከወደቀስ? ኬክሮስና ኬንትሮስ ተለዋውጠዋል። ፋይሉን ሲያስገቡ ኤክስ ላይ 38 የሚለውን፣ ዋይ ላይ 8 ወይም 9 የሚለውን ዓምድ ይስጡ። በዩቲኤም ከሆነ ቱሉ ዲምቱ ላይ ምሥራቁ 480 ሺህ፣ ሰሜኑ 982 ሺህ አካባቢ ነው። ሁለቱም ባለ ስድስት አኃዝ ስለሆኑ መምታታታቸው አይገርምም፤ ሱሉልታ ሲደርሱ ግን ሰሜኑ ሚሊዮን ያልፋል።

የሰፈር ስሞች ባዶ ሳጥን ሆነው ከታዩ ጉድለቱ የፎንት ነው፤ የግዕዝ ፊደል ያለው፣ ለምሳሌ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ፣ ይበቃል። የጥያቄ ምልክት ከሆኑ ግን ሲኤስቪው (ሰንጠረዡ የተቀመጠበት የጽሑፍ ፋይል) ሲቀመጥ ፊደሉ ጠፍቷል፤ ከዚያ ፋይል አይመለስም። ወደ ዋናው ሰንጠረዥ ተመልሰው የግዕዝን ፊደል በሚይዘው በዩቲኤፍ-8 (UTF-8) አጻጻፍ እንደገና ያውጡት፤ የካርታውን ፋይል ሲያስቀምጡም ከሼፕፋይል ዓይነት ይልቅ ጂኦፓኬጅን ይምረጡ።